ጎጆዋ ላይ ያለችን ወፍ ከሩቅ ማንሣት፦ የሲግማ 150–600 ሚሊ ሜትር ሌንስ በአንድ የመራቢያ ወቅት

ዋኔዋ ጎጆዋን የሠራችው ለአካባቢው ነዋሪዎች የጋራ በሆነው የአትክልት ስፍራ ውስጥ፣ ሰው ከሚመላለስበት ጠባብ መንገድ ጥቂት እርምጃ ገባ ብሎ በሚገኝ ቁጥቋጦ ላይ ነበር። ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚገኝ ባላ ላይ ጭራሮ አጋድማ፣ በላዩ ላይ ሌላ ጭራሮ አነባብራ፣ ከሥር ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ሰማዩ በመሐሉ የሚታይ ስስ መደብ ሠራች፤ ሁለት ነጫጭ እንቁላሎቿንም በዚያ ላይ ጣለች። እንዲህ ያለን ጎጆ ከአደጋ የሚጠብቀው ነገር ቢኖር የወፏ ዝምታ ብቻ ነው። እሷ ተደናግጣ ከተነሣች እንቁላሎቹ ነጭ ሆነው በአረንጓዴው መካከል ይታያሉ፤ ቁራም ሆነ ድመት ለማየት ብዙ አይቸገሩም።

ይህን ግምገማ የምጽፈው በዚያ የመራቢያ ወቅት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለተጠቀምኩበት፣ ሲግማ ስለሚሠራው 150–600 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5–6.3 «ኮንቴምፖራሪ» ሌንስ ነው (ኤፍ የብርሃን ቀዳዳውን ስፋት የሚያመለክት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ስለ ሌንሱ የምስል ጥራት፣ ስለ ማዕዘኖቹ ጥርት እና ስለ ቀለም አያያዙ ብዙ ስለ ተባለ በዚያ ላይ ብዙ አልቆይም። እኔ የመዘንኩት በአንድ መለኪያ ነው፤ ይኸውም ጎጆ ላይ ያለች ወፍ እኔ በመኖሬ ምክንያት ሥራዋን አቋርጣለች ወይስ አላቋረጠችም የሚል ነው። ለጎጆ ፎቶግራፍ ከዚህ የሚቀድም መለኪያ አለ ብዬ አላምንም። ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እናቲቱ ተነሥታ እንቁላሉ እየቀዘቀዘ ከተገኘ ያ ፎቶ ባይነሣ ይሻል ነበር።

ሲግማ ይህን ሌንስ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን፣ በዚያው ጊዜ «ስፖርትስ» የተባለ ወንድሙን አብሮ አውጥቷል። የሁለቱ የትኩረት ርዝመት፣ ማለትም ሩቁን ምን ያህል እንደሚያቀርቡ የሚያሳየው የሚሊ ሜትር ቁጥር፣ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በአሠራርና በክብደት ነው። «ስፖርትስ» 2,860 ግራም ሲመዝን፣ እኔ የያዝኩት «ኮንቴምፖራሪ» 1,930 ግራም ነው። ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋው ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጎህ ሳይቀድ ሌንሱን፣ ካሜራውን፣ ትራይፖዱንና መቀመጫውን ተሸክሞ፣ ቅጠል ሳያንኮሻኩሹ በዝግታ መራመድ ለሚፈልግ ሰው ከፍተኛ ትርጉም አለው። በአንጻሩ «ስፖርትስ» ከዝናብና ከአቧራ በሙሉ የተከለለ ሲሆን፣ «ኮንቴምፖራሪ» መከላከያ ያለው ከካሜራው ጋር በሚገጥምበት በኩል ብቻ ነው። እንቁላል የታቀፈች ወፍን በዝናብ ጊዜ ቀርቦ መረበሽ ፈጽሞ የማይገባ ስለ ሆነ፣ ለዚህ ሥራ ይህ ጉድለት ብዙም አያሳስበኝም።

600 ሚሊ ሜትር በተግባር ምን ማለት እንደ ሆነ በርቀት ማስረዳት ይሻላል። ሙሉ ፍሬም ሴንሰር (በፊልም ካሜራ መጠን የተሠራ የምስል መቀበያ) ባለው ካሜራ ላይ ተገጥሞ ከ8 ሜትር ርቀት ሲታይ፣ ፍሬሙ የሚይዘው ስፋት ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከምንቃሯ እስከ ጭራዋ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል የምትሆን ዋኔ ከፍሬሙ ስፋት ከግማሽ በላይ ትይዛለች፤ ጎጆዋና ዙሪያዋን የከበቡት ቅጠሎችም ቦታ ያገኛሉ። ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ ላይ ደግሞ ይኸው ሌንስ ከዚያው ርቀት ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚያጠብበው፣ ወፏ ፍሬሙን ልትሞላ ትቃረባለች። ስለዚህ አነስተኛ ሴንሰር ያለው ካሜራ ያላችሁ ለጎጆ ፎቶግራፍ ስትሉ ካሜራ ለመቀየር አትቸኩሉ፤ ሌንሱን ሳትቀይሩ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ የመራቅ ዕድል ይሰጣችኋል፤ ያ ደግሞ ወፏ የምታመሰግናችሁ ነገር ነው።

ሌንሱ ከ2.8 ሜትር ጀምሮ ፎከስ መያዝ ይችላል። በዚያ ርቀት አንድ እንቁላል ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ በሌላ ነገር ላይ ሞክሬ አይቻለሁ፤ በጎጆው ላይ ግን አልሞከርኩትም። 2.8 ሜትር ለአበባና ለቢራቢሮ ነው። የመጀመሪያው ቀን ርቀቴ 12 ሜትር ነበር፤ ካሜራውን እንኳ ሳላወጣ ተቀምጬ በመነጽር ብቻ አየኋት። የተመለከትኩት እነዚህን ምልክቶች ነው፦ ዘና ያለች ዋኔ ላባዋን ነፋ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ ትቀመጣለች፤ ዓይኗን ትከድናለች፤ አልፎ አልፎም በምንቃሯ አንድ ጭራሮ አንሥታ ከጎኗ ትሰካለች። የሠጋች ዋኔ ግን ላባዋን ከሰውነቷ ጋር ታጣብቃለች፤ ቀጭንና ረዥም ትሆናለች፤ አንገቷ ይሰግጋል፤ ዓይኗም አይከደንም። ይህን ሁለተኛውን መልክ ብዙ ሰው «ጥሩ ፖዝ ያዘችልኝ» ብሎ ያነሣዋል። ፖዝ አይደለም፤ ለመብረር አንድ እርምጃ የቀራት ወፍ ናት።

በሦስተኛው ቀን 9 ሜትር ላይ ደረስኩ። ላባዋ ተጣበቀ። ሳልነሣ፣ ሳልንቀሳቀስ አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅኋት፤ ሳትለቀኝ ስታየኝ ቆየች። በዝግታ ወደ ኋላ አፈገፈግኩና በማግስቱ በዚያው ርቀት ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ በዚህ ጊዜ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኗን ከደነች። 8 ሜትር ላይ የደረስኩት በአምስተኛው ቀን ሲሆን ከዚያ አላለፍኩም። አንድ ቀን 7 ሜትር ላይ ለመቀመጥ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከ8 ሜትር ያነሣኋቸውን ፎቶዎች አስፍቼ ስመለከት የዓይኗ ዙሪያ ቀለበት ቆዳ ከነሽብሽቡ ይታያል። አንድ ሜትር መቅረቡ ለእኔ የሚጨምርልኝ ነገር አልነበረም፤ ለእሷ ግን ይጨምርባት ነበር። የዚህ ሌንስ ዋናው ዋጋ በእኔ አመለካከት ይኸው ነው፤ መቅረብን አላስፈላጊ ያደርገዋል።

በዚያው የአትክልት ስፍራ ጠዋት ጠዋት አበባ የሚያጠጡ አንዲት አዛውንት አሉ። ባልዲያቸውን ይዘው ከጎጆው ሦስት ሜትር በማይሞላ ርቀት እያለፉ ሲመለሱ ዋኔዋ ላባዋን እንኳ አታንቀሳቅስም። «እማማ፣ እርስዎን ለምን አትፈራዎትም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እኔ መች አያታለሁ ልጄ» አሉኝ። ከባለሙያ ሁሉ የተሻለ ምክር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ወፎች የሚፈሩት የሚያልፈውን ሰው ሳይሆን ቆሞ የሚያፈጠውን ነው፤ ፊት ለፊት የሚያተኩር ዓይን ለእነሱ የአዳኝ ዓይን ነውና። የ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ የፊት መስታወትም ትልቅና ክብ ነው፤ የማጣሪያው ስፋት ብቻ 95 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሌንሱን ወደ ጎጆው በድንገት ማዞር ትልቅ ዓይን በድንገት እንደ መግለጥ ይቆጠራል። እኔ ሌንሱን ወደ መሬት አዘንብዬ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ቀስ በቀስ ወደ ላይ አቀናዋለሁ፤ ይህም ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ የአሠራር ጉዳይ አለ። ሌንሱ ከ150 ወደ 600 ሲሄድ በርሜሉ ወደ ፊት ይረዝማል። በሌላ ሥራ ላይ ይህ ምንም አይደለም፤ ጎጆ ፊት ለፊት ግን ወደ ወፏ የሚዘረጋ ነገር ስለሚሆን ዙሙን ከመቀመጤ በፊት 600 ላይ አድርጌ እቆልፈዋለሁ። ደግነቱ መቆለፊያው በአንድ ቦታ ብቻ የሚሠራ ሳይሆን፣ በርሜሉ ላይ በተመለከቱት የትኩረት ርዝመቶች ሁሉ ስለሚይዝ፣ ሌንሱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢያዘነብልም በራሱ አይንሸራተትም። የፎከስ ርቀት መገደቢያውም ሌላው የወደድኩት ነገር ነው። ከ2.8 እስከ 10 ሜትር ባለው ክልል ብቻ እንዲፈልግ ሲደረግ፣ ቅጠል በነፋስ ተወዛውዞ በመሐል ቢገባ እንኳ ሌንሱ እስከ አድማስ ሄዶ አይመለስም። ሞተሩ ድምፁ ዝቅተኛ ነው፤ ከ8 ሜትር ወፏ ሰምታ ስትደነግጥ አላየሁም። የካሜራው ሹተር ድምፅ ግን ሌላ ነገር ነውና፣ ካሜራችሁ ድምፅ አልባ ሹተር ካለው ከመጀመሪያው ክፈቱት። ሌንሱ የተሠራው ለካኖን ኢኤፍ፣ ለኒኮን ኤፍ እና ለራሱ ለሲግማ መግጠሚያዎች ስለ ሆነ፣ መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራ ያላችሁ አስማሚ (አዳፕተር) ያስፈልጋችኋል።

ፎከሱን ዓይኗ ላይ ማድረግ የግድ ነው፤ ምክንያቱም በ600 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 6.3 እና በ8 ሜትር ርቀት ጥርት ያለው ክልል ውፍረት 7 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ወፏ በጎኗ ከተቀመጠች ከምንቃር እስከ ጭራ ይደርሳል፤ ወደ ካሜራው ዞራ ከተቀመጠች ግን ዓይኗና ደረቷ ጥርት ብለው ጭራዋ ይደበዝዛል። እኔ ይህ መደብዘዝ አያስከፋኝም፤ እንዲያውም ከበስተኋላዋ ያለውን የቅጠል ትርምስ ወደ ለስላሳ አረንጓዴ ስለሚቀይረው ዓይን ወዲያውኑ ወደ ወፏ ይሄዳል። ከፊት ለፊቷ ያለው ቅጠል ግን ችግር ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቅጠል ልክ በደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ አስቸገረኝ፤ ለመቁረጥ የሚፈጀው ሁለት ሰከንድ ነበር። አልቆረጥኩትም። ያ ቅጠል ጎጆውን ከላይ ከሚያልፍ ጭልፊትና ከቀትር ፀሐይ ይጋርዳል። በምትኩ ትራይፖዱን ግማሽ ሜትር ወደ ግራ አሸሸሁት፤ ቅጠሉም ከደረቷ ላይ ተነሥቶ ወደ ፍሬሙ ጠርዝ ሄደ። በጎጆ ዙሪያ መቀስ ይዞ መገኘት በምንም ምክንያት ተገቢ ሊሆን አይችልም።

የሌንሱ ትክክለኛ ድክመት ብርሃን ነው። በ600 ሚሊ ሜትር ሊከፈት የሚችለው እስከ ኤፍ 6.3 ነው፤ ይህም ከኤፍ 4 ሌንስ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ እንኳ የማይሞላ ብርሃን ያስገባል ማለት ነው። ጎጆ ደግሞ በባሕርይው ጥላ ውስጥ ነው የሚሠራው። ጠዋት በማለዳ፣ ወፎቹ በጣም በሚንቀሳቀሱበት ሰዓት፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 3200 እና ከዚያም በላይ ማውጣት ግድ ሆኖብኝ ነበር። እንቁላል ለታቀፈች ወፍ ይህን ያህል አያስፈልግም፤ ዝም ብላ ስለምትቀመጥ በጠንካራ ትራይፖድ ላይ የ1/125 ሰከንድ የሹተር ፍጥነት በቂ ነው፤ ሌንሱ በትራይፖድ ላይ ሲሆን የምስል ማረጋጊያውን ማጥፋት ይመረጣል። ጫጩት ሲመገብ ግን ጭንቅላት ከጭንቅላት ጋር ስለሚናወጥ 1/1000 እንኳ አንዳንዴ ያንሳል። መፍትሔው ፍላሽ አይደለም። በጥላ ውስጥ ዓይኗን ያላመደች ወፍ ላይ ብርሃን መተኮስ ጭካኔ ነው፤ በተጨማሪም ጎጆው ያለበትን ቦታ ለሚያድን ሁሉ ይጠቁማል። ትንሽ ፀሐይ ከፍ እስኪል መጠበቅና ከፍ ያለ አይኤስኦ በምስሉ ላይ የሚያመጣውን ጥቂት ብናኝ መታገሥ ይሻላል።

ከሌንሱ ጋር አንድ ላይ የገዛሁት፣ ስሙን የማልጠቅሰው ድርጅት የሠራው ተጣጣፊ የመሸሸጊያ ድንኳን ግን አሳዝኖኛል። ቀለሙ ጥሩ ነው፤ በደቂቃ ውስጥ ይተከላል። ነገር ግን የመስኮቶቹ መዝጊያ ተለጣፊ ጨርቅ ነው፤ ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ በጸጥታ ውስጥ ጨርቅ እንደሚቀደድ ይሰማል። ድንኳኑን በተጠቀምኩበት የመጀመሪያ ጠዋት ሌንሱን ለማውጣት መስኮቱን ስከፍት ዋኔዋ ተነሥታ በረረች። ከድንኳኑ ውስጥ ሆኜ ሰዓቴን እያየሁ ሁለቱን ነጭ እንቁላሎች ባዶ ጎጆ ላይ ስመለከት የቆየሁባቸው አሥራ አንድ ደቂቃዎች ከዚያ ወቅት ሁሉ የከበዱኝ ናቸው። ወጥቼ ልሂድ እንዳልል፣ ቅርብ ቅርንጫፍ ላይ ሆና እያየች ስለ ነበር ይባስ ላስደነግጣት እችላለሁ፤ ብቀመጥም አትመለስ ይሆናል። ተመለሰች። እኔም ድንኳኑን ከዚያ በኋላ መስኮቱን ቤት ውስጥ ከፍቼ፣ ክፍቱን በስስ መረብ ሸፍኜ ብቻ ነው የተጠቀምኩበት፤ በኋላም ጨርሶ ተውኩት። ድንኳን የምትገዙ ከቀለሙ በፊት መስኮቱን በጆሯችሁ ፈትሹ።

ሰው ከወፍ ለመሸሸግ ያደረገው ጥረት ረዥም ታሪክ አለው። ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1892 እንቁላል ያለበትን የወፍ ጎጆ ፎቶ አንሥተዋል፤ በኋላም በበሬ ቆዳ በተሠራ ባዶ ምስል ውስጥ ካሜራቸውን ይዘው እስከ መግባት ደርሰዋል። ኤሪክ ሆስኪንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 የጉጉት ጎጆ ሲያነሣ ወፏ መትታው ግራ ዓይኑን አጥቷል። እነዚያ ሰዎች የነበራቸው መሣሪያ ቀርበው ካልሆነ በቀር አያነሣም ነበር። ዛሬ 8 ሜትር ርቆ መቀመጥ የሚቻልበት ሌንስ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲያርፍ፣ እንደ እነሱ መቅረብ አለብን የምንልበት ምክንያት አይታየኝም።

እንቁላሎቹ የተፈለፈሉት በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ታቅፈዋል፤ እንደ ርግብ ወገን ልማድ ቀን ቀን ወንዱ፣ ከማምሻው እስከ ጠዋት ሴቷ ነበረች። ይህን ማወቅ ለፎቶግራፍ አንሺ ይጠቅማል፤ ቅያሪ የሚደረግበትን ሰዓት ካወቀ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ወፎቹን ማሰልቸት አያስፈልገውም። እኔ ከቅያሪው ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እገባና አንዷ ሄዳ ሌላው ከተደላደለ በኋላ እወጣ ነበር። በዚያች ጥቂት ቅጽበት ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ መጪው ጭራሮ ይዞ ይመጣል፤ ተቀምጣ የነበረችው በእግሯ ጫፍ እንቁላሎቹን እንዳትነካ ተጠንቅቃ ትነሣለች። ከመላው ወቅት እጅግ የምወደው ፎቶ የዚህች ቅጽበት ነው፤ አንድ እግሯ ከእንቁላሉ በላይ ተንሳፍፎ፣ ጣቶቿ ተሰብስበው ይታያሉ። የጣቶቿ ቆዳ ቅርፊት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሌንሱ በዚህ ርቀት እንዲህ ያለ ዝርዝር መስጠቱ፣ ከእሱ በላይ የሚከብዱትንና የሚወደዱትን ሌንሶች እንዳልመኝ አድርጎኛል።

ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ የታየው ደግሞ ሌላ ነበር። የብዙ ወፎች ጫጩት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ የርግብ ወገን ጫጩት ግን ምንቃሩን ወደ ወላጁ አፍ ውስጥ አስገብቶ ነው የሚመገበው። ወላጆቹ ሁለቱም ከጉሮሯቸው ሥር ባለው ከረጢት ውስጥ ወተት መሰል ነገር ያመነጫሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጫጩቶቹ የሚኖሩት በዚህ ነው፤ ቆይቶ ጥሬ ይቀላቀልበታል። ሁለት ጫጩቶች ምንቃራቸውን በአንድ ጊዜ አስገብተው፣ እናቲቱ ዓይኗን ጨፍና አንገቷ ሲርገበገብ ማየት ልብ ይነካል። በዚህ ወቅት 40 ያህል ፎቶ አነሣሁ፤ የተሳኩት አራት ናቸው። የቀሩት በእንቅስቃሴ የደበዘዙ ናቸው፤ ምክንያቱ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የብርሃን ጉዳይ ነው፤ ከኤፍ 4 ሌንስ ጋር የተሻለ ይሆን እንደ ነበር አልጠራጠርም።

ላባቸው ከሞላና በጎጆው ጠርዝ ላይ መቆም ከጀመሩ በኋላ ጨርሶ መሄድ አቆምኩ። በዚያ ዕድሜ ያሉ ጫጩቶች ከደነገጡ መብረር ሳይችሉ ዘለው ይወርዳሉ፤ ከወረዱ በኋላ ደግሞ ተመልሰው ጎጆ አይገቡም። ለብዙ ሰው የመጨረሻው ሳምንት ምርጡ ሳምንት ነው፤ ጫጩቶቹ ትልልቅ ሆነው፣ ጎን ለጎን ቆመው ለዓይን ያምራሉና። እኔ ግን በዚያ ሳምንት ካሜራ ማንሣት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ ያጣሁት ፎቶ እንዳለ ባውቅም አልቆጨኝም።

ሌንሱን ለማን እመክራለሁ? በግቢው ወይም በሰፈሩ የአትክልት ስፍራ የሚራቡ ወፎችን ማንሣት ለሚፈልግ፣ ለመጠበቅ ትዕግሥት ላለው እና ከትራይፖድ ጋር ለሚሠራ ሰው ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ሌንሱን በእጅ ይዞ ረዥም ሰዓት መቆም ለሚያስብ፣ ወይም በጣም ጥላ በበዛበት ስፍራ የሚመገቡ ጫጩቶችን ማንሣት ዋና ዓላማው ለሆነ ሰው ግን ክብደቱና የብርሃን ቀዳዳው ሊያሳስቡት ይገባል። ድንኳኑን ለማንም አልመክርም። በመጪው የመራቢያ ወቅት ሌንሱን ይዤ የምመለስ ሲሆን፣ ድንኳኑ በሚኖርበት ቦታ ዝቅተኛ መቀመጫ ብቻ አኖራለሁ፤ ጎጆው ከመሠራቱ በፊትም መቀመጫውን በ8 ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጬ ልተወው አስቤአለሁ፤ ወፎቹ ሲመጡ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው እንደ ነበረ ነገር አድርገው እንዲቆጥሩት።